የሼህ ጁምዓ ካምቢዮ

የሻው መጨነቅ የሚጀምረው ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። በሕልሙ ቡሎን ጠፋብኝ እያለ ሲቃትት ሚስቱ አገኘሁሽ ስንቴ ቀስቅሳዋለች። ሰማዩ ከጠቆረ ጎርፍ ሊመጣ ነው ይላል፤ ከጠራ ደግሞ ዘንድሮ ዝናቡ ሊቀር ነው ብሎ ይተክዛል። ደንበኛ ከመጣ ምን ሊለኝ ይሆን፣ ከቀረ ምን ሰምቶብኝ ይሆን። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛ ሲሆን ያሰለቻል፤ ሞተር ሲጠግን ግን አቻ አይገኝለትም። ያጠበቀውን ቡሎን ተመልሶ ሳይነካ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከሄደም በኋላ ከመንገድ የተመለሰበት ቀን አለ። አሶሳ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ያለው ሁሉ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛም ሆነ የግብርና ባለሙያ፣ እየሳቀበትም ቢሆን ወደ እሱ ነበር የሚሄደው።

የሚሠራው በሼህ ጁምዓ ግቢ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጣው በጎረምሳነቱ ነው። ሙያውንም ያገኘው ከሰፈራው የትራክተር ጣቢያ፣ ለሜካኒኮቹ ካቻቪቴ እያቀበለ ነው። ደርግ ሲወድቅ ጣቢያው ተዘጋ፤ ትራክተሮቹም ጎማቸው ወልቆ ሣር በቀለባቸው። የሻው መፍቻዎቹን በጆንያ ይዞ የት አባቴ ልግባ እያለ ሲንከራተት፣ አንድ ቀን ገበያ መሀል ሼህ ጁምዓ ክንዱን ያዙት። «ና፤ እኔ ማንጎ አለ፣ ጥላ አለ። እዚያ ሥራ» አሉት። ኪራይ አልጠየቁትም፤ ውልም አላስፈረሙትም።

ለሌላው ሰው ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። የሻውን ግን ምክንያቱን የማያውቀው ደግነት ይከነክነዋል። ሼህ ጁምዓ የቤርታ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኩርሙክ ማዶ ከሱዳን ከተሞች ጋር ሰሊጥና ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። እሱ የግሪስ ሽታ ከገላው የማይለቅ ሰፋሪ ነው። ሥራ ካጣው ሜካኒክ ሁሉ እሱን ለይተው ለምን ጠሩት? ደፍሮ አልጠየቃቸውም። ቢጠይቅና «እውነትህን እኮ ነው፣ ለምን ጠራሁህ?» ብለው ቢያስነሡትስ?

ያን ጊዜ ክልሉ አዲስ ነበር። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ በሩ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ሰሌዳ ይሰቀላል። ከሱዳን ስደት የተመለሱና ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ሻይ ቤቱን ሞልተው ስለ ምክር ቤትና ስለ በጀት ያወራሉ። ከዚያ ወሬ ጎን ሌላ ወሬ ነበር፤ ሰፋሪዎች ወደ መጡበት ሊመለሱ ነው የሚል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ትናንት ያለውም ሰው ዛሬ ውሸት ነው ይላል። ብዙው ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እርሻውን ያርሳል። የሻው ግን ወሬውን ይዞት ቤቱ ይገባል፣ አብሮት እራት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል። የማንጎው ጥላ ከእጁ ከወጣ በዚህ አገር ሌላ መግቢያ እንደሌለው እርግጠኛ ነበር።

የሼህ ጁምዓ የማስታወስ ችሎታ መክዳት የጀመረውም በዚሁ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የገበያውን ቀን ረሱ፤ ቀጥሎ የሰው ስም ጠፋባቸው። ከሁሉ የከፋው የልጃቸው የኢዘዲን ነገር ነበር። ኢዘዲን ገና ወጣት ሳለ ወደ ሱዳን ተሰዶ፣ ክልሉ ሲቋቋም ተመልሶ በአዲሱ ቢሮ ሹመት ያገኘ ሰው ነው። አባቱ ግን «እንግዳው» ነው የሚሉት። በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ሳይገባ መጥቶ ሲስማቸው፣ ለእንግዳው ሻይ አምጡለት ይላሉ። ኢዘዲንም ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። የሻው ይህን ሁሉ ከማንጎው ሥር ሆኖ ያያል።

ሼህ ጁምዓ ያልረሱት ነገር አንድ ነው፤ ሞተር ብስክሌታቸውን።

እንግሊዝ ሠራሽ ሮያል ኢንፊልድ ነው። እንግሊዞች ሱዳንን ለመልቀቅ ሲሰናዱ ከአንድ ሹም እጅ የገዙት፣ ኢዘዲንን በልጅነቱ ነዳጅ መያዣው ላይ አስቀምጠው እስከ መንጌ ከተማ የሚሄዱበት፣ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ሴቶች ጁምዓ መጣ የሚሉለት ሞተር ነበር። አሁን በጓሮ ዳስ ውስጥ በባለ ሁለት እግር ማቆሚያው ቆሟል። ሞተሩ አለ፤ ጎማዎቹ አሉ። የሌለው ካምቢዮው ነው፤ ማርሽ የሚቀያይረውና የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያቀብለው ሣጥን። እሱ በነበረበት ቦታ ሰው አንገቱን የሚያሾልክበት ባዶ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ኢዘዲን ሥራውን ለየሻው ሲሰጥ ለአረፋ በዓል እንዲደርስለት ለመነው። በሱዳኖች ልማድ ባለሙያን «ኡስታ» ብሎ ነው የሚጠራው። የሞተሩ ድምፅ ከተሰማ ምናልባት አባቴ ይለየኝ ይሆናል አለና ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ የተናገረው ነው የየሻውን እንቅልፍ የወሰደው። ከተማዋ በውጊያ በተያዘች ጊዜ የሼህ ጁምዓ ቤት ተዘርፏል። ካምቢዮውም የጠፋው ያኔ ነው።

«የወሰደው የሰፈራ ሰው ነው» አለ ኢዘዲን። «ከትራክተር ሰዎች በቀር ማን እንዲህ ፈትቶ ያወጣዋል? አንድ ቀን ይገኛል። የተገኘበት ሰው የአባቴን ቤት የዘረፈ ነው። ያን ሰው አልምረውም።» ከዚያ ከማን ጋር እንደሚያወራ ትዝ ያለው ይመስል የየሻውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አንተን አይደለም፣ ኡስታ።»

የሻው ቀኑን ሙሉ «አንተን አይደለም» የሚለውን ቃል ሲያመነዥክ ዋለ። እሱን ካልሆነ ለምን ተናገረው?

ዋናው ከጠፋ ሌላ ካምቢዮ መፈለግ ግድ ሆነ። ከባምባሲ ኩርሙክ የሚመላለስ ቀጄላ የሚባል ነጋዴ አለ፤ ለምላሱም ለአህዮቹም እረፍት የማይሰጥ ሰው። እሱ ከድንበር ማዶ ሁለት ካምቢዮ ይዞ መጣና ማንጎው ሥር ዘረገፋቸው። ኢዘዲን ሁለቱ ላይ በቀረጻ የወጣውን የእንግሊዝ ፊደል አነበበ፤ ሁለቱም ከአንድ ሠሪ የወጡ ናቸው። እንግዲህ አንዱን ምረጥ ተባለ የሻው። ቀጄላም ሁለቱም ለዚሁ ሞተር የተሠሩ ናቸው ብሎ ማለ። ቀጄላ የማይምልበት ነገር የለም።

የመጀመሪያው ላይ ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። የሼህ ጁምዓ ሞተር ጀርባው ላይ ሜዳ የሆነ ጠፍጣፋ ፊት አለው፤ ከዚያ ፊት ወፋፍራም ቡሎኖች ወደ ኋላ ወጥተዋል፤ ካምቢዮው መጥቶ እነሱ ላይ ይለጠፍና በዳዶ ይጠብቃል። ቀጄላ ያመጣው ግን ከላይና ከታች ጆሮ ያለው፣ ከሻንሲው ላይ የሚንጠለጠል ነው። ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሁለተኛው ነበር አስቸጋሪው። ጠፍጣፋ ፊት አለው፤ ቀዳዳዎችም አሉት። የሻው አንሥቶ ሲያስጠጋው ከላይ ያሉት ቡሎኖች ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም፤ የታችኞቹ ግን በጣት ውፍረት ያህል ሳቱት። የታናሽ ወንድሙ ይሆን? ወይስ ይኸው ራሱ ሆኖ የቆየ ቡሎን ተጣምሞ ነው? ቀዳዳዎቹን በሞረድ ቢያሰፋቸው ይገባ ይሆናል። ግን የሣጥኑ ብረት ስስ ነው። ከተሰነጠቀ አለቀለት፤ አጉል ገብቶ ከጠበቀም መንገድ ላይ ሰንሰለቱን ይበጥስና ሽማግሌውን ከነሞተራቸው ገደል ይከትታቸዋል። እንዲህ ሲያስብ ሞረዱን ያነሣል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። አረፋ እየቀረበ ነው። ኢዘዲን በየጠዋቱ ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ ዓይኑን ወደ ማንጎው ይጥላል፤ ይህም ለየሻው ከስድብ ይብስበታል።

እንዲህ ሞረድ ሲያነሣ ሲጥል በሰነበተበት አንድ ጠዋት ሼህ ጁምዓ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። የዘወትር ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ ሞተር ደረሰ? የሻውም የዘወትር መልሱን መለሰ፤ ትንሽ ቀረው። ቆመው እንዳይደክሙ ብሎ ደግፎ ሞተሩ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ማቆሚያው ጠንካራ ስለሆነ አይወድቅም፤ እሱ ግን ይወድቃል ብሎ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ።

ሽማግሌው እጀታዎቹን ጨበጡ። ትከሻቸው ቀና አለ። ዓይናቸው ከአጥሩ በላይ አልፎ ሄደ። ቀኝ እግራቸው ባዶው ቦታ ላይ ተነሣ፤ በጣታቸው አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ከዚያ ረጋ እያሉ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ታች። የሻው ገባው፤ አንደኛ ማርሽ ወደ ላይ፣ የቀሩት ወደ ታች ናቸው። አፋቸው የረሳውን እግራቸው አልረሳም። ቀጥለው ያደረጉትን ግን አልጠበቀውም። መንገዱ አልቆ ለመቆም የተዘጋጁ ይመስል፣ ተረከዛቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው አንድ የሌለ ነገር ረገጡ። ከዚያ ዘና አሉ።

«እንደገና ያድርጉት እስቲ፣ ሼህ ጁምዓ» አለ የሻው።

እንደገና አደረጉት። ጣት ወደ ላይ፣ ጣት ወደ ታች፤ መጨረሻ ላይ ተረከዝ። ቦታውን አልሳተም። ይህ ካምቢዮ እንግዲህ ሁለት መርገጫ ነበረው፤ ማርሽ የሚቀይረው ረጅሙ፣ ከጎኑ ደግሞ በተረከዝ ሲረግጡት ካለበት ማርሽ በአንድ ጊዜ ፎሌ የሚያስገባ፣ ማለት ማርሹን ባዶ የሚያደርግ፣ አጭር መርገጫ። የቀጄላ ሁለቱም ካምቢዮዎች አንዳንድ መርገጫ ብቻ ነው ያላቸው። ሞረድም ቢሞርድ፣ ቀዳዳም ቢያሰፋ፣ ትክክለኛው ከሁለቱ አንዱም አይደለም።

የሻው መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ደስታው ግን አፍታም አልቆየ። ከረጅም ዘንግ ጎን ያለ አጭር ዘንግ፤ ይህን በእጁ ያውቀዋል። በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ በእጁ ግን ዳስሶታል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና አገኘሁሽ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ በአባቷ በፈንታ ቤት ነው። ፈንታ የትራክተር ጣቢያው ዘበኛ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግሥት ወባ ጣለውና ሳይናዘዝ፣ ሳይናገር ሞተ። ከጓዳው ጥግ በጆንያ ተጠቅልሎ የተሰፋ አንድ ከባድ ነገር ትቷል። በሕይወት ሳለ ለልጁ የነገራት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የሰው ነውና እንዳትፈቺው። አገኘሁሽም አልፈታችውም፤ እንስራ አስቀመጠችበት። የሻው ግን አንድ ጊዜ በጆንያው ላይ ዳስሶት ነበር። ብረት ነው፤ ረጅም ዘንግና አጭር ዘንግ አለው። የትራክተር ማንሻ መስሎት ደነገጠ። ጣቢያው ሲዘጋ ሰዉ ሁሉ ያገኘውን ሲወስድ አማቹም የድርሻውን አንሥቶ ኖሯል፤ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ያን ጥግ ቀና ብሎም አያየውም። ሌላ ሜካኒክ ቢሆን ሳይፈታው አያድርም ነበር። የሻው ካልፈታሁት አላየሁትም፣ ካላየሁት አልጠየቅበትም ብሎ ዓመታት ተቀመጠ።

ያን ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ መፍቻዎቹን ሳይሰበስብ ብስክሌቱን እየጋለበ ቤቱ ገባ። አገኘሁሽ በርበሬ ትለቅም ነበር። ፊቱን አይታ ሰው ሞተ እንዴ አለችው። መልስ ሳይሰጣት እንስራውን አወረደና ስፌቱን በቢላዋ ተረተረው።

ከጆንያው ሥር ጨርቅ ነበር፤ የቤርታ ሽማግሌዎች ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ዓይነት፣ ነጭ የነበረ ረጅም ሻሽ። ከሻሹ ሥር ካምቢዮው ወጣ። ዝገት የሚባል አልነካውም፤ ከዳር እስከ ዳር የሰሊጥ ዘይት ጠጥቷል። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ሁለት መርገጫ አለው። ዳዶዎቹ ለብቻቸው በትንሽ ጨርቅ ተቋጥረው አብረው አሉ።

የሻው ሁሉንም ነገራት፤ የኢዘዲንን ቃል፣ የሽማግሌውን ተረከዝ፣ የማንጎውን ጥላ።  አባትሽን ሌባ ሊሉት ነው አላት። እኔንም የሌባ አማች፣ የዘረፉትን ሰውዬ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚበላ ሊሉኝ ነው። ወሬው ሰፋሪውን ሁሉ ይነካል። እንዲያውም፣ አለ ላቡን እየጠረገ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ፤ የቀጄላን በሞረድ አሰፋዋለሁ፤ ማን ያውቃል?

አገኘሁሽ ሻሹን በጣቶቿ ታገላብጥ ነበር። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታች፤ ዳዶዎቹን አየቻቸው፤ መልሳ ቋጠረች።

«ዘራፊ እንዲህ አይጠቀልልም» አለች። «ዘይት ቀብቶ፣ ዳዶ ለቅሞ፣ በገዛ ሻሹ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ዘራፊ የት አየህ? ይህ ባለቤቱ የጠቀለለው ነው እንጅ።»

«ሻሹንም አብረው ዘርፈው ቢሆንስ?»

«እንግዲያ አባቴ ሌባ ሁኖ ከሆነ ልወቀው። እየፈራሁ እንስራ ላስቀምጥበት አልችልም።»

በነጋታው ጠዋት አብረው ሄዱ። ጋሪ እንለምን ብሎ ነበር፤ አገኘሁሽ እንቢ አለች። የአባቴ ሸክም ነው ብላ ካምቢዮውን እንደ ልጅ በጀርባዋ አዘለችው። የሻው ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላዋ ይከተላል። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ሄደ፤ አንዱን ያዘጋጅና ይጥለዋል፣ ሌላ ያዘጋጅና ይጥለዋል። ያገኙት ሰው ሁሉ ያወቀበት ይመስለዋል። ከግቢው በር ደረሱ። ኢዘዲን ኮቱን ለብሶ፣ ሻዩን ጨርሶ፣ ሊወጣ ቆሟል።

አገኘሁሽ ሸክሟን ማንጎው ሥር አወረደችና ጆንያውን ገለጠችው።

ኢዘዲን ቀና ብሎ አያቸው፤ ጎንበስ ብሎ ካምቢዮውን አየ። በጣቱ የተረከዙን መርገጫ ነካው። ልጅ ሆኖ ነዳጅ መያዣው ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ከየት አመጣችሁት?»

የሻው ካዘጋጀው አንዱን ገና ሲመርጥ ነበር። የመለሰችው ሚስቱ ናት። ከአባቷ ቤት እንደሆነ፣ አባቷ ፈንታ እንደሚባል፣ ትራክተር ጣቢያ ዘበኛ እንደነበረ፣ ሳይናገር እንደሞተ፣ እነሱም ትናንት ገና መፍታታቸውን አንድ በአንድ ነገረችው። አልተንተባተበችም። እጆቿን ግን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃቸው ነበር።

ኢዘዲን ከካምቢዮው ቀና አለ። ድምፁን ሳያነሣ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት» አለ የሻውን እያየ፤ «ይህን ሁሉ ዓመት በአባቴ ጥላ ሥር ተቀምጠህ…» አልጨረሰውም። የሻውም እንዲጨርሰው አልፈለገም። ነገሩ ሁሉ ከእጁ ወጥቷል፤ መፍቻዎቹን ከየት ጀምሮ እንደሚሰበስብ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ሼህ ጁምዓ የመጡት ያኔ ነው። ማንም አልጠራቸውም። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው ጎንበስ አሉና መጀመሪያ ያነሡት ካምቢዮውን አይደለም፤ ሻሹን ነው። አሸተቱት። የሰሊጥ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸውን አነሡና የሻውን ትክ ብለው አዩት፤ ፊታቸው በራ።

«ፈንታ» አሉት። «አንተ ዘገየ።»

 ኢዘዲን በቤርታኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው አልዞሩም፤ በአማርኛ መናገራቸውን ቀጠሉ፤ ከፈንታ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ይኸው ነበርና።

«ወታደር ሄደ? ሞተር ወታደር እንዳይወስድ እኔ ራሴ ፈታ። አማና፣ አደራ ለአንተ ሰጠ። ቤቴን ዘረፉ፣ ሞተር አልሄደም። እኔ ለማንም ስምህን አልተናገረ፣ ለልጄም። ብናገር ሌባ ይሉሃል፣ ይገድሉሃል። አማና ያስቀመጠ ሰው አይጠይቅም፤ ይጠብቃል።» ትንሽ አረፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ምሥጢር ሊያካፍሉ ነው። «ልጅህን ያገባ ልጅ አለ አይደል፣ ማንጎ ሥር አስቀመጥኩት። አንተ ስትሞት ሰማሁ፤ ያ ልጅ ያመጣል አልኩ። ጎበዝ ነው። ግን በጣም ይፈራል። ስለዚህ እኔ አልጠየቀውም።»

ፈንታ መሞቱን እያወቁ ፈንታን ያናግሩታል፤ በእሳቸው ዘንድ ሁለቱም ልክ ነበር።

አገኘሁሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሻው ግን የሚሸሸግበት አልነበረውም። ዓመታት ሙሉ ለምን እኔን እያለ ሲጨነቅበት የኖረው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ለዚያውም ስለ እሱ ለሌላ ሰው ሲነገር ነው የሰማው። አደራው ከገዛ ጓዳው ነበር፤ ባለአደራው እሱ ነበር፤ ሽማግሌው እየጠበቁት ነበር። የፈራው እንዳይገኝበት ነው፤ ሊያፍርበት የሚገባው ግን ሳይፈታው መኖሩ ነበር። እንባው መጣ፤ አልከለከለውም።

«ዘገየሁ፣ ሼህ ጁምዓ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ማሌሽ» አሉ እሳቸው፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው።

ኢዘዲን ኮቱን አወለቀና ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው።  ጎንበስ ብሎ የካምቢዮውን አንድ ጎን ያዘ፤ የሻውም ሌላውን ያዘ፤ አንሥተው ወደ ሞተሩ ጀርባ አስጠጉት። ከላይ ያሉት ቡሎኖች ገቡ። የታችኞቹም ገቡ። ሞረድም መዶሻም ሳያስፈልግ ጠፍጣፋው ፊት ከጠፍጣፋው ፊት ጋር ገጠመ። አገኘሁሽ ቋጠሮውን ፈትታ ዳዶዎቹን እየቆጠረች ለባሏ ታቀብል ጀመር። ኢዘዲን ሸሚዙ በዘይት መበላሸቱን አላስተዋለም። ቢሮው ያን ጠዋት ያለ እሱ ተከፈተ።

ዳዶው ሁሉ ሲጠብቅ ሽማግሌውን ደግፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ሞተሩ ገና ነው፤ ሰንሰለት አለ፣ ፍሪሲዮን አለ፣ የብዙ ቀን ሥራ አለ። እሳቸው ግን እጀታዎቹን ጨበጡና ቀኝ እግራቸውን አነሡ። ከዚያ ቆም አሉ። ዞር ዞር ብለው ማንጎው ሥር ፈለጉ።

«ያ የሚፈራው ልጅ የት አለ?» አሉ። «ጥራው፣ ፈንታ። መጥቶ ይይ።»

የሻው ኢዘዲንን አየው። ኢዘዲን በዓይኑ ሂድ አለው። የሻው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ወደ ማንጎው ሄደ፤ ከግንዱ ሥር ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣና ከሞተሩ ጎን ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አቤት፣ ሼህ ጁምዓ። የሻው ነኝ።»

«ተመልከት» አሉት፤ በተረከዛቸውም አጭሯን መርገጫ ረገጡ።